ምዕራፍ ስድስት፦ ስፔክ ፋይል፣ ሠሪው ሲሄድ የሚቀር መዝገብ

በሳውዲ አረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፣ በዳማምና በኮበር ከተሞች መካከል በምትገኘው ዳህራን፣ ማክስ ስታይኔከ የተባለው የሥነ ምድር ባለሙያ ቁፋሮው እንዲቀጥል የተሟገተለት የዳማም ቁጥር 7 ጉድጓድ በማርች 1938 ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ አመነጨ፤ በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ከእርሱ በፊት የተቆፈሩት ስድስት ጉድጓዶች የሚያዋጣ መጠን ስላልሰጡ፣ የሀገሪቱ የነዳጅ ንግድ የሚጀምረው ከዚህ ጉድጓድ ነው። ከ80 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የሳውዲ አራምኮ ኩባንያ ስሙን ለአንድ ሱፐርኮምፒውተር ሰጠው፤ ዳማም 7 የተባለው ይህ ማሽን በኖቬምበር 2020 በወጣው የዓለም 500 ፈጣን ኮምፒውተሮች ዝርዝር 10ኛ ሆኖ ሲገባ የተለካው ፍጥነቱ 22.4 ፔታፍሎፕ፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ ከ22 ሚሊዮን ቢሊዮን በላይ ስሌት ነበር። ሥራውም ከመሬት በታች ተልኮ ከተመለሰ የድምፅ ሞገድ የዐለቱን አቀማመጥ በስሌት መሣልና የነዳጅ ክምችቱን ጠባይ መተንበይ ነው።

ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በዚያ ዝርዝር የገቡት 500ዎቹም ማሽኖች የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። እንዲህ ያለው ማሽን አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር ይምሰል እንጂ በውስጡ ያሉት፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፕሮሰሰርና ማህደረ ትውስታ ያላቸው፣ ኖድ የሚባሉና በፈጣን መረብ የተሳሰሩ በርካታ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ አንድ ስሌት በብዙ ኖዶች ላይ ተከፋፍሎ ሲሮጥ ሁሉም ኖዶች አንድ ዓይነት ፕሮግራምና አንድ ዓይነት ላይብረሪ ካልያዙ፣ ስሌቱ ይቋረጣል፤ ወይም ከዚያ በከፋ ሁኔታ ሳይቋረጥ የተለያየ ውጤት ይሰጣል። ስለዚህ አንድን ፕሮግራም በየኖዱ እየገቡ በእጅ መጫን ለሥራው አይበቃም። ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ተገንብቶ፣ የትኛው ፋይል የት እንደሚቀመጥና ለመሥራት ምን እንደሚያስፈልገው ተመዝግቦ፣ በአንድ የታሸገ ፋይል ሊሰራጭ ይገባል፤ ይህ የታሸገ ፋይል ጥቅል ወይም ፓኬጅ ይባላል። ጥቅሉ እንዴት እንደሚገነባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚናገረው ተራ የጽሑፍ ፋይል ደግሞ ስፔክ ፋይል ነው።

የዳማም፣ የኮበርና የዳህራን አካባቢ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ክብደት የሚሰጠው የሠራተኛው አኗኗር ነው። በዚያ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን በከፊል የሚያሠሩት ከብዙ አገሮች በውል በመጡ ባለሙያዎች ሲሆን፣ ውሉ ሲያልቅ ወይም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ማለትም ኢቃማው፣ ሳይታደስ ሲቀር ሰውየው ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል። አንድ ባለሙያ ፕሮግራሙን በምን አማራጭ እንደገነባው፣ የትኛውን የምንጭ ኮድ መስመር እንዳስተካከለና ለምን እንዳስተካከለ በራሱ ጭንቅላት ወይም በራሱ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ከያዘ፣ መሥሪያ ቤቱ የሚቀረው የሚሮጥ ግን ማንም ደግሞ ሊሠራው የማይችል ፕሮግራም ነው። ስፔክ ፋይል ይህን ዕውቀት ከሰው ወደ መዝገብ ያሻግራል፤ ደግሞም ኮምፒውተሩ ራሱ እያነበበ የሚፈጽመው በመሆኑ፣ እንደ ተራ የአሠራር ማስታወሻ ከእውነታው ተለይቶ በቀላሉ አያረጅም፤ ብዙው ስሕተቱም ግንባታውን ያቆመዋል።

አርፒኤም የተባለው የጥቅል ሥርዓት በማርክ ኢዊንግና በኤሪክ ትሮን እጅ በ1995 ከሬድ ሃት ኩባንያ የወጣ ሲሆን፣ ዛሬ ሬድ ሃት፣ ፌዶራ፣ ሱዜ፣ ሮኪ ሊኑክስና አልማሊኑክስ ይጠቀሙበታል። የተመሠረተበት ዋነኛ ሐሳብ የመጀመሪያው ደራሲ የጻፈው የምንጭ ኮድ ሳይነካ እንዲቀመጥ፣ ጥቅል ሠሪው የሚያደርገው ለውጥ ሁሉ ግን ፓች በሚባል የተለየ የማስተካከያ ፋይል ተመዝግቦ በግንባታው ጊዜ እንዲጨመር ማድረጉ ነው። በዚህ መንገድ የደራሲው ሥራና የጥቅል ሠሪው ውሳኔ አይደባለቁም። ከዚህ ቀጥሎ የሚገለጹት የስፔክ ፋይል ክፍሎች በአብዛኛው የዚህ አንድ ሐሳብ ዝርዝር ናቸው።

የፋይሉ መግቢያ የጥቅሉን ስም፣ ቨርዥኑን፣ ሪሊዙን፣ የፈቃዱን ዓይነትና ምንጩ የተወሰደበትን አድራሻ ይዘረዝራል። ቨርዥን ደራሲው ለፕሮግራሙ የሰጠው ቁጥር ሲሆን፣ ሪሊዝ ደግሞ ያንኑ ቨርዥን ጥቅል ሠሪው ስንት ጊዜ እንደ ገነባው የሚያሳይ የራሱ ቁጥር ነው፤ ከሪሊዙ ጀርባ ብዙ ጊዜ ጥቅሉ ለየትኛው የሊኑክስ ትውልድ እንደ ተሠራ የሚናገር ምልክት ይከተላል። አርፒኤም ሁለት ቁጥሮችን ሲያነጻጽር በነጥብ የተለያዩትን ክፍሎች ለየብቻ እንደ ሙሉ ቁጥር ስለሚያይ፣ ለእርሱ 1.10 ከ1.9 በኋላ የመጣ ነው። ችግሩ የሚመጣው ደራሲው ከዋናው እትም በፊት የሙከራ እትም ሲያወጣ ነው፤ ከ2.0 በስተኋላ የሙከራ ፊደላት ተቀጥለው ከተጻፉ፣ አርፒኤም የረዘመውን ስም አዲስ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ዋናው 2.0 ሲወጣ ማሽኖቹ ወደ እርሱ ማደግ እምቢ ይላሉ። ለዚህ ሲባል ከአርፒኤም 4.10 ጀምሮ የሞገድ ቅርጽ ያለው ምልክት፣ ማለትም ቲልዳ፣ ከሙከራ ፊደላቱ በፊት ሲገባ እትሙ ከዋናው የቀደመ መሆኑን እንዲያመለክት ተደርጓል። ምልክቷ ትንሽ ብትሆንም፣ ያለ እርሷ የወጣን ቁጥር መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ መውጫው ኢፖክ የተባለውን፣ ከቨርዥን ሁሉ በላይ የሚቆጠረውንና አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ሊወጣ የማይችለውን ቁጥር መጨመር ነውና።

መግቢያው ሁለት ዓይነት ጥገኝነቶችንም ይለያል። ቢልድ ሪኳየርስ የሚባለው ጥቅሉን ለመገንባት ብቻ የሚያስፈልገውን፣ ለምሳሌ ኮምፓይለሩንና የላይብረሪዎችን የግንባታ ፋይሎች፣ ሲዘረዝር፣ ሪኳየርስ የሚባለው ደግሞ ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሚያስፈልገውን ይዘረዝራል። የኋለኛውን አብዛኛውን ክፍል አርፒኤም ራሱ የተገነቡትን ፋይሎች መርምሮ ይሞላዋል፤ እንዲያውም የሲ ቋንቋ መሠረታዊ ላይብረሪ የሆነውን ግሊብሲን ስም ብቻ ሳይሆን የትኛውን የእርሱን ትውልድ እንደሚሻ ጭምር ይመዘግባል። በሬድ ሃት 8 ላይ፣ ማለትም በግሊብሲ 2.28፣ የተገነባ ጥቅል 2.17 በያዘው ሬድ ሃት 7 ላይ አልጫንም ሊል የሚችለው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ እምቢታው ጥበቃ ነው፤ ጥቅሉ በግድ ቢጫን ፕሮግራሙ በስሌቱ ዋዜማ ይወድቅ ነበር።

ከመግቢያው በኋላ የሥራው ደረጃዎች ይከተላሉ፤ እያንዳንዱም በፐርሰንት ምልክት በሚጀምር ስም ይታወቃል። %ፕሬፕ በሚባለው ደረጃ የምንጭ ኮዱ ይፈታና ፓቾቹ በተራ ይለጠፋሉ። %ቢልድ በሚባለው ኮዱ ኮምፓይል ይደረጋል፤ ስሌትን የሚያፈጥኑ አማራጮች የሚሰጡትም እዚህ ስለሆነ፣ ለዳህራን ዓይነት የስሌት ማዕከል ትልቁ ፈተና የሚገኘው በዚህ ደረጃ ነው። ኮምፓይለሩ «ለዚሁ ለምትሮጥበት ፕሮሰሰር ብለህ ገንባ» ሲባል ፕሮግራሙ በግንባታው ማሽን ላይ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ግንባታው የተካሄደው በአዲስ ፕሮሰሰር ላይ ከሆነና ከኖዶቹ ጥቂቶቹ የቆየ ፕሮሰሰር ካላቸው፣ በእነዚያ ላይ ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ደርሶት ወዲያው ይቆማል። በስፔክ ፋይል ውስጥ ግን የኮምፓይለሩ አማራጮች ከሥርዓቱ የጋራ መመሪያ ስለሚመጡ ግንባታው በየትኛው ማሽን ላይ እንደ ተካሄደ ለውጥ አያመጣም፤ የተለየ ፍጥነት ከተፈለገም ለየፕሮሰሰሩ ትውልድ በግልጽ የተሰየመ የተለየ ጥቅል መሥራት ይቻላል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉበት ደረጃ %ኢንስቶል ነው። ስሙ መጫን ቢሆንም በዚህ ደረጃ በማሽኑ ላይ የሚጫን ነገር የለም፤ የተገነቡት ፋይሎች የሚቀዱት ቢልድሩት ወደሚባል ባዶ ማውጫ ሲሆን፣ በዚያ ማውጫ ውስጥ የእውነተኛው ሥርዓት የማውጫ አደረጃጀት ልክ እንዳለ ይሠራል። ለምሳሌ በስተመጨረሻ በሥርዓቱ የፕሮግራሞች ማውጫ የሚቀመጥ ፋይል በቢልድሩት ሥር በዚያው ስም በተከፈተ ማውጫ ይገባል። አንድ የምንጭ ኮድ የራሱ የመጫኛ ትእዛዝ ይህን ማውጫ ካላከበረና ቀጥታ ወደ እውነተኛው ሥርዓት ከጻፈ፣ ግንባታውን በሩት፣ ማለትም በሙሉ ሥልጣን፣ የሚያካሂድ ሰው የራሱን ማሽን ያበላሻል፤ በተራ ተጠቃሚ ስም የሚያካሂድ ሰው ግን «ፈቃድ የለህም» የሚል መልእክት ደርሶት ስሕተቱን ያገኛል። ስለዚህ ጥቅልን በሩት አለመገንባት ሊጣስ የማይገባው ሕግ ነው።

%ፋይልስ የሚባለው ክፍል በቢልድሩት ውስጥ ካሉት ፋይሎች የትኞቹ ወደ ጥቅሉ እንደሚገቡ ይዘረዝራል፤ በማውጫው ውስጥ ያለ ግን በዝርዝሩ ያልተጠራ ፋይል ከተገኘ ግንባታው ይቆማል። ይህ ጥብቅነት ጀማሪን ቢያናድድም ደራሲው በአዲሱ እትም ያለ ማስታወቂያ የጨመረውን ፋይል የሚያጋልጠው እርሱ ነው። በዚሁ ክፍል የማዋቀሪያ ፋይሎች በተለየ ምልክት ይጠቀሳሉ፤ የማዕከሉ አስተዳዳሪ አስተካክሎ ያስቀመጠውን የማዋቀሪያ ፋይል አዲሱ ጥቅል እንዳይተካበት ከተፈለገ «አትተካ» የሚል ቅጥያ ይታከልና፣ አዲሱ ፋይል ከአሮጌው ጎን በሌላ ስም ይቀመጣል። ቅጥያው ካልተደረገ አዲሱ ቦታውን ይይዝና የአስተዳዳሪው ሥራ በሌላ ስም ይቀመጣል፤ አይጠፋም፣ ነገር ግን መሥራቱን ያቆማል።

ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ጥቅሉ በሚጫንበትና በሚወገድበት ጊዜ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ የሚሮጡት አጫጭር ትእዛዛት፣ ስክሪፕትሌት የሚባሉት ናቸው። አንድ ጥቅል ወደ አዲስ እትም ሲያድግ መጀመሪያ አዲሱ ይጫናል፣ የእርሱም ትእዛዛት ይሮጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የአሮጌው የማስወገጃ ትእዛዛት ሮጠው ፋይሎቹ የሚወጡት። የአሮጌው ጥቅል የማስወገጃ ትእዛዝ «አገልግሎቱን አቁም» የሚል ብቻ ከሆነ፣ አዲሱ ያስነሳውን አገልግሎት በዚያው ደቂቃ ያቆመዋል። ለዚህ መፍትሔው አርፒኤም ለእያንዳንዱ ስክሪፕትሌት የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ በማስወገጃው ጊዜ ቁጥሩ 0 ከሆነ ጥቅሉ ጨርሶ እየወጣ ነው፣ 1 ከሆነ ግን በአዲስ እትም እየተተካ ነው ማለት ስለሆነ፣ ትእዛዙ አገልግሎቱን የሚያቆመው 0 ሲሆን ብቻ መሆን አለበት። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይህን መርሳት በአንድ ትእዛዝ የሚታረም ጉዳይ ሲሆን፣ በብዙ ሺህ ኖዶች ላይ ሥራ አከፋፋዩን አገልግሎት በአንድ ጊዜ ማጥፋት ግን ለቀናት ሲሮጥ የቆየን ስሌት እስከ ማጣት ሊያደርስ ይችላል። አሮጌው ስክሪፕትሌት አስቀድሞ በየማሽኑ የተቀመጠ በመሆኑም፣ ስሕተቱ የሚታየው ከተጻፈ ወራት በኋላ፣ ምናልባትም ጸሐፊው ከሄደ በኋላ ነው።

ስፔክ ፋይል ተደጋጋሚ ጽሑፍን በአጭር ስም የሚተኩ ማክሮዎችን በሰፊው ይጠቀማል፤ እነርሱም በፐርሰንት ምልክት ይጀምራሉ። እዚህ ላይ ብዙዎችን ያሳሳተ አንድ ጠባይ አለ፦ በመሰላል ምልክት የተጀመረ መስመር አስተያየት ተብሎ ቢቆጠርም፣ በውስጡ ያለ ማክሮ ግን ይፈታል። ማክሮው ብዙ መስመር ካለው የመጀመሪያው መስመር ብቻ አስተያየት ሆኖ ይቀርና ቀሪዎቹ እንደ ትእዛዝ ይፈጸማሉ፤ ተዘግቷል የተባለው ሥራ በዝምታ ይካሄዳል ማለት ነው። መከላከያው በአስተያየት ውስጥ የፐርሰንቱን ምልክት ደግሞ መጻፍ ነው።

የማክሮዎች ጥቅም በጉልህ የሚታየው በስሌት ማዕከላት ነው። ኤምፒአይ በኖዶች መካከል መልእክት የሚያመላልስ የፕሮግራም ደንብ ሲሆን፣ ኦፐንኤምፒአይና ኤምፒች የሚባሉ የተለያዩ አሠራሮች አሉት፤ በአንዱ የተገነባ ፕሮግራም በሌላው አይሮጥም። ኦፐንኤችፒሲ የተባለውና በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር የሚካሄደው ፕሮጀክት በስፔክ ፋይሎቹ ውስጥ የኮምፓይለሩንና የኤምፒአዩን ቤተሰብ ማክሮ አድርጎ ስላስቀመጠ፣ አንድ ስፔክ ፋይል እየተደጋገመ በተለያየ ጥምረት ይገነባል፤ ጥምረቱም በጥቅሉ ስም ውስጥ ይነበባል። ኦፒኤም ፍሎው የተባለው ክፍት የነዳጅ ክምችት ማስመሰያ ፕሮግራምም እንዲሁ ስፔክ ፋይሉን ከምንጭ ኮዱ ጋር አብሮ ይይዛል፤ ዩኒቨርሲቲም ሆነ አነስተኛ ኩባንያ ከኦስሎ ወይም ከኮበር ሆኖ ያንኑ ጥቅል በራሱ ማሽን ሊገነባ የሚችለው በዚህ ነው።

በዳማምና በኮበር የሚኖሩ አማርኛ አንባቢዎችን በቀጥታ የሚነካ ምሳሌም አለ። የፌዶራ ሊኑክስ ከያዛቸው የግዕዝ ፎንቶች መካከል የሰናምርምር ፕሮጀክት የዋሽራ ፎንቶች ይገኛሉ፤ ጅረት፣ ጥንት፣ ውቅያኖስና ዘላን የተባሉትን፣ እንዲሁም በቁም ጸሐፊው በይገዙ ብስራት ስም የተጠሩትን ጎፈርና ጎቲክን የሚያካትተው ይህ ስብስብ በአንድ ስፔክ ፋይል ይገነባል፤ ውጤቱ ግን ለየፎንቱ አንድ አንድ ንዑስ ጥቅል ነው። ተጠቃሚው ጅረትን ብቻ ከፈለገ ሌሎቹን ለመጫን አይገደድም፤ ሁሉም የሚጋሩት ሰነድ ደግሞ በአንድ የጋራ ንዑስ ጥቅል ይቀመጣል። ፎንት የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስለሌለው ስፔክ ፋይሉ ጥቅሉን ለማንኛውም ፕሮሰሰር የሚሆን ብሎ ያውጃል፤ የአማርኛ የፊደል ማረሚያ መዝገበ ቃላትም በዚሁ ዓይነት ቀላል ስፔክ ፋይል ተጠቅልሎ ይገኛል። ስፔክ ፋይል መጻፍ ለሚማር ኢትዮጵያዊ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አይገኝም፤ ኮምፓይል የሚደረግ ነገር የለም፣ ክፍሎቹ ግን ሁሉም አሉ፣ ውጤቱም በገዛ ቋንቋው በገጽ ላይ ይታያል።

በፋይሉ መጨረሻ የሚመጣው %ቼንጅሎግ ለውጦችን በቀንና በሠሪው ስም ይመዘግባል። ቀኑ በእንግሊዝኛ ባጠረ የሳምንት ቀንና የወር ስም መጻፍ አለበት፤ የማሽኑ ቋንቋ አማርኛ ወይም ዐረብኛ ከሆነና ጸሐፊው የቀን ትእዛዙን ውጤት እንዳለ ከገለበጠ፣ ግንባታው ቀኑን ማንበብ ተስኖት ይቆማል። የሳምንቱ ቀንም ከቀን ቁጥሩ ጋር መስማማት ይኖርበታል፦ ጥር 13 ቀን 2013 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማለትም ጃንዋሪ 21 ቀን 2021፣ ሐሙስ ነበር፤ በስፔክ ፋይሉ ዓርብ ተብሎ ከተጻፈ አርፒኤም ቀኑ ሐሰተኛ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። ከዚህም በላይ ሥርዓቱ ከታዘዘ የመጨረሻውን የቼንጅሎግ ቀን ወስዶ የግንባታ ጊዜ መለኪያ ስለሚያደርገው፣ ሁለት ሰዎች በተለያየ ቀን ከአንድ ምንጭ የሠሩት ጥቅል ወደ መመሳሰል ይቀርባል።

ስፔክ ፋይል በጸሐፊው ማሽን ላይ መሥራቱ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ በዚያ ማሽን ላይ በዝርዝሩ ያልተጠቀሰ ላይብረሪ ቀድሞ ተጭኖ ሊሆን ይችላልና። ሞክ የተባለው መሣሪያ ለእያንዳንዱ ግንባታ ባዶ ሥርዓት አቁሞ በስፔክ ፋይሉ የተዘረዘረውን ብቻ በመጫን፣ በተለመደው አቀማመጡም ኢንተርኔትን ዘግቶ ይገነባል። ለምሥራቃዊው ግዛት ዓይነት ኢንዱስትሪ፣ የፋብሪካ መረቦች ከውጭው ኢንተርኔት ተለይተው በሚቀመጡበት፣ በግንባታው መሐል ከኢንተርኔት ነገር የሚያወርድ ጥቅል አይጠቅምም። በኦገስት 15 ቀን 2012 ሻሙን የተባለው አጥፊ ቫይረስ የአራምኮን መረብ በመታበት ጊዜ ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው 30,000 ያህል የቢሮ ኮምፒውተሮች ተጎድተዋል፤ የተመቱት የዊንዶውስ ማሽኖች ቢሆኑም፣ ነገሩ የሚያነሣው ጥያቄ ሊኑክስንም ይነካል፤ ማሽኖች ሁሉ ቢጠፉ ከምን ተነሥቶ እንደገና ይገነባል የሚል ነው። ስፔክ ፋይሉን፣ የምንጭ ኮዱንና ፓቾቹን አንድ ላይ የሚያሽገው የምንጭ ጥቅል፣ በመሥሪያ ቤቱ ቁልፍ ተፈርሞ ከመረብ ውጭ ከተቀመጠ፣ ለዚህ ጥያቄ በእጅ የሚያዝ መልስ ይኖራል።

ዳማም 7 ወደ ዓለም ዝርዝር ከገባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በዲሴምበር 8 ቀን 2020፣ በብዙ የስሌት ማዕከላት በነጻ ይሠራበት የነበረው ሴንትኦኤስ 8 በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ ታወጀ፤ ሴንትኦኤስ 7ም በጁን 30 ቀን 2024 አበቃ። በመላው ዓለም ወደ ሮኪ፣ ወደ አልማሊኑክስ ወይም ወደ ሬድ ሃት መሻገር የነበረባቸው ማዕከላት ያገኙት ችግር እንደ መዝገባቸው ይለያያል። የሚሮጠው ጥቅል ብቻ በእጁ የቀረ ማዕከል የጥንቱን ሠሪ አድራሻ መፈለግ ነበረበት፤ ስፔክ ፋይሉ ያለው ግን በሞክ ውስጥ አዲሱን ሥርዓት መርጦ ግንባታውን እንደገና ያስነሣል። በሬድ ሃት 8 ትውልድ ላይ ይህን ሲያደርግ መጀመሪያ ከሚገጥሙት መካከል አንዱ ከፓይተን ጋር የተያያዘ ነው፤ ስክሪፕቶቹ የትኛውን ፓይተን፣ 2ን ወይስ 3ን፣ እንደሚሹ በመጀመሪያ መስመራቸው ካልተናገሩ ግንባታው ይቆምና የፋይሉን ስም ይጠራል። እርማቱ በ%ፕሬፕ ውስጥ አንዲት መስመር ወይም አንድ አነስተኛ ፓች ሲሆን፣ ሪሊዙ በአንድ ከፍ ይላል፤ የለውጡ ምክንያትም ከቀኑና ከአዲሱ ሠሪ ስም ጋር በቼንጅሎጉ አናት ላይ፣ ከቀደሙት ሠሪዎች ስሞች በላይ ይጻፋል።